ከፍንዳታው በፊት ያሉት ደቂቃዎች፦ ልብ አንጠልጣይ ፊልም ተመልካቹን እንዴት ይይዛል?



የዛሬው ርዕሳችን ልብ አንጠልጣይ ፊልሞች ገና ሲከፈቱ ውጥረትን እንዴት እንደሚገነቡ ነው። ስለ ፊልም ስናወራ ብዙ ጊዜ የምናነሣው ታሪኩ በምን እንዳለቀ፣ ማን እንደ ተወነበትና ስንት ብር እንደ ወጣበት ነው። እኔ ግን ስለ መጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ብቻ ልናገር መጥቻለሁ። ተመልካች ለታሪኩ ልቡን የሚሰጠው፣ ወይም ስልኩን አውጥቶ መነካካት የሚጀምረው፣ በእነዚያ ደቂቃዎች ነውና።

ርዕሱን እዚህ መተማ ላይ ያነሣሁት በምክንያት ነው። በዓለም የፊልም ትምህርት ቤቶች ደጋግመው ከሚታዩት መክፈቻዎች አንዱ የሚፈጸመው በድንበር ከተማ ውስጥ ነው። ኬላ አለው፣ ፍተሻ አለው፣ መንገድ የሚዘጋ የፍየል መንጋ ሳይቀር አለው። ያንን ትዕይንት ማንም ሳያስረዳችሁ ትረዱታላችሁ። ሌላው ምክንያት ደግሞ ከአይከል ቁልቁል ወርዶ ገንደ ውሃን አልፎ እስከ ገላባት ድልድይ የሚዘረጋው ይህ ቆላ፣ በታሪኩም በኑሮውም ገና ካሜራ በወጉ ያልደረሰበት የታሪክ ሀብት ያለው መሆኑ ነው።

የምሟገትለትን ሐሳብ ከወዲሁ ላስቀምጥ። የመክፈቻ ውጥረት ምንጩ ፊልም ሠሪው ዕውቀትን የሚያከፋፍልበት መንገድ ነው። ተመልካቹ ምን እንዲያውቅ ተደረገ? በታሪኩ ውስጥ ያለው ሰው ምን ተደበቀበት? በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ስንት ደቂቃ ክፍት ሆኖ ይቆያል? ጥይት፣ ደምና የሙዚቃ ጩኸት ከእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በኋላ የሚመጡ ናቸው። መልሱ ካልተሠራ ጩኸቱ ብቻውን ማንንም አያስፈራም።

ድንጋጤና ሥጋት

ይህን ነገር ከሁሉ አጥርቶ የተናገረው በእንግሊዝ አገር ተወልዶ በአሜሪካ ብዙ ፊልሞችን የሠራው አልፍሬድ ሂችኮክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ፈረንሳዊው የፊልም ዳይሬክተር ፍራንሷ ትሩፎ ለቀናት ጠይቆት ነበር፤ ቃለ ምልልሱም በኋላ መጽሐፍ ሆኖ ታትሟል። እዚያ ላይ ሂችኮክ ያቀረበው ምሳሌ የሚከተለው ነው። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ተራ ወሬ ያወራሉ። ከጠረጴዛው ሥር ቦምብ አለ፤ እነርሱም እኛም አናውቅም። በድንገት ይፈነዳል። ተመልካቹ ይደነግጣል፤ ድንጋጤው ግን ዐሥራ አምስት ሰኮንድ ያህል ቆይቶ ያልፋል።

አሁን ያንኑ ትዕይንት ሌላ አድርገን እንየው። ቦምቡ ሲቀመጥ ተመልካቹ አይቷል። በሰባት ሰዓት እንደሚፈነዳ ያውቃል፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ደግሞ ሩብ ጉዳይ ይላል። ሰዎቹ ያንኑ ተራ ወሬ ያወራሉ። ተመልካቹ ግን አሁን “ተነሡ! ከሥራችሁ ተመልከቱ!” ሊላቸው ይፈልጋል። በዐሥራ አምስት ሰኮንድ ድንጋጤ ፈንታ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ሥጋት አገኘ ማለት ነው።

ቦምቡ ያው ነው፣ ሰዎቹም ያው ናቸው፣ ወሬውም አልተለወጠም። የተለወጠው ተመልካቹ የያዘው ዕውቀት ብቻ ነው። ከዚህ የምንማረው ለሥነ ጥበብ ብቻ የሚሆን አይመስለኝም። ሰው ስለማያውቀው አደጋ አይጨነቅም። የሚጨነቀው አደጋውን እያወቀ ሊናገር በማይችልበት ጊዜ ነው። ፊልም ቤት የተቀመጠ ተመልካች ደግሞ ዘወትር በዚያ ሁኔታ ላይ ነው፤ ያያል እንጂ ወደ ታሪኩ ገብቶ ማስጠንቀቅ አይችልም።

በድንበር ከተማ የተቆጠሩ ሦስት ደቂቃዎች

አሁን ወደ ድንበሩ ፊልም እንሂድ። ርዕሱ “ተች ኦቭ ኢቭል” ይባላል፤ ዳይሬክተሩ ኦርሰን ዌልስ ነው፤ የወጣውም እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በሜክሲኮና በአሜሪካ ድንበር ላይ ባለች ከተማ ነው፤ የተቀረጸው ግን በካሊፎርኒያዋ ቬኒስ ነበር።

ፊልሙ ሲከፈት ፊቱን የማናየው ሰው በእጁ የያዘውን ፈንጂ ሰዓት ሲሞላ እናያለን። ከሦስት ደቂቃ ያህል በኋላ እንዲፈነዳ ይሞላዋል። ከዚያ ጥላው ግድግዳ ላይ እየሮጠ ይሄድና ፈንጂውን ከአንድ ክፍት መኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይከትታል። አንድ ባለጠጋና አብራው ያለች ሴት ከመጠጥ ቤት ወጥተው መኪናው ውስጥ ይገባሉ፤ መኪናውም ይንቀሳቀሳል። ካሜራው ከፍ ብሎ ጣሪያዎቹን ይሻገራል፤ እንደ ገና ወርዶ መንገዱን ይከተላል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ምስሉ አንድ ጊዜ እንኳ አይቆረጥም። ከሦስት ደቂቃ በላይ የሚሆነው ነገር ሁሉ በአንድ ቀረጻ ነው።

መኪናው ሲሄድ ትራፊክ ፖሊስ ያቆመዋል። እግረኞች ይሻገራሉ። ፍየሎች መንገድ ይዘጋሉ። በዚያው መንገድ አዲስ ተጋቢዎች በእግራቸው ይሄዳሉ፤ አንዳንዴ መኪናው ይቀድማቸዋል፣ አንዳንዴ እነርሱ ይቀድሙታል። በቀረቡት ቁጥር እንፈራለን፤ በራቁት ቁጥር ትንፋሻችን መለስ ይላል። ቀጥሎ ኬላው ይመጣል። መኪናውና ተጋቢዎቹ ጎን ለጎን ቆመዋል። የኬላው ሠራተኛ ከተጋቢዎቹ ጋር ይጫወታል። መኪናው ውስጥ ያለችው ሴት ጭንቅላቷ ውስጥ የሰዓት ድምፅ የሚመስል ነገር እንደምትሰማ ትናገራለች፤ የሚያዳምጣት ግን የለም። መኪናው ኬላውን ያልፋል። ተጋቢዎቹ ሊሳሳሙ ፊታቸውን ሲያዞሩ ፍንዳታው ይሰማል።

እስቲ ይህን ከመተማ ሆነን እንየው። ኬላ ላይ ጊዜ እንዴት እንደሚጎተት የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ሰነድ ይታያል፣ ሹፌር ይጠየቃል፣ ጭነት ይነካካል፣ ከፊት ያለው መኪና ሳይነሣ የኋላው አይነሣም። ዌልስ ይህን ተራ መጓተት ወስዶ የፍርሃት መሣሪያ አደረገው። ፍየሎቹን ያለ ምክንያት አላስገባቸውም። መኪናው በሕዝብ መሀል እንዲቆም አደረጉ፤ ሰዓቱ ግን አልቆመም። ፈታሹ ሥራውን በደንብ ሠርቷል፤ የሰዎቹን ማንነት ጠይቋል። አደጋው ያለው ግን እርሱ በማያየው ቦታ ነው።

ሌላም ትምህርት አለው። ፈንጂው የተቀመጠው በአንዱ አገር ነው፤ የፈነዳው በሌላው አገር ነው። ታዲያ ወንጀሉ የማን ነው? የሚመረምረው የየትኛው አገር ፖሊስ ነው? ከፊልሙ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚዘልቀው ጥያቄ በመክፈቻው ሦስት ደቂቃ ውስጥ ተተክሏል። ጥሩ መክፈቻ ሥጋት ከመፍጠሩም በላይ ፊልሙ የሚኖርበትን ጥያቄ ይዞ ይመጣል።

ስለ ድምፁም ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1958 ስቱዲዮው በዚህ ትዕይንት ላይ የተዋንያኑን ስም ጽሑፍና የሄንሪ ማንቺኒን ሙዚቃ ጫነበት። ዌልስ በፊልሙ ቅንብር አልተደሰተምና 58 ገጽ የሚሆን ማስታወሻ ጽፎ ነበር። ከዐርባ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1998፣ ዋልተር መርች ያንን ማስታወሻ ተከትሎ ፊልሙን እንደ ገና አቀናበረው። ጽሑፉ ከምስሉ ተነሣ። በአንድ ወጥ ሙዚቃ ፈንታ ከየመጠጥ ቤቱ የሚወጣው ዘፈንና የመኪናው ሬዲዮ እየቀረቡና እየራቁ እንዲሰሙ ተደረገ። ተመልካቹ ሬዲዮውን ሲሰማ ፈንጂው የት እንደ ደረሰ በጆሮው ያውቃል። ከተማው ራሱ ሙዚቃ ሆነ።

ሙቀት፣ ዝንብና ሰዓት

ውጥረትን የሚገነባው የመጀመሪያው መሣሪያ እስካሁን ያየነው የዕውቀት ክፍተት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ጊዜ ነው። ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1960 የሠራው “ሳይኮ” ሲከፈት ካሜራው በፊኒክስ ከተማ ላይ ያልፋል፤ ጽሑፉም ከተማውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይነግረናል፦ ዓርብ፣ ዲሴምበር 11፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ከ43 ደቂቃ። ለምን 43? ሰዓቱ በደቂቃ ሲጠቀስ ተመልካቹ የምስክርነት ቃል የሚሰማ ይመስለዋል፤ “በዚህ ሰዓት አንድ ነገር ተፈጽሟል” ብሎ ይጠብቃል። ከዚያ ካሜራው መጋረጃው ገርበብ ባለ መስኮት ሾልኮ ይገባል። እስካሁን አንድም ክፉ ነገር አላየንም፤ ነገር ግን ማየት የማይገባንን እያየን እንደ ሆነ ተሰምቶናል።

ሰርጂዮ ሊዮኔ እ.ኤ.አ. በ1968 በሠራው “ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን ዘ ዌስት” ደግሞ ጊዜን እስኪያስጨንቅ ድረስ ለጠጠው። ሦስት ታጣቂዎች በአንድ በረሃማ የባቡር ጣቢያ ሰው ይጠብቃሉ። ከዐሥር ደቂቃ በላይ የሚሆነው ይህ ብቻ ነው። የነፋስ ወፍጮ ሲጢጥ ይላል። ከጣሪያ የሚንጠባጠብ ውኃ የአንዱን ባርኔጣ ይመታል። የሌላውን ፊት ዝንብ አላስቀምጥ ይለዋል፤ በመጨረሻ ዝንቡን በሽጉጡ አፈሙዝ ይይዘዋል። ሙዚቃ የለም፤ ንግግርም የለም ማለት ይቻላል። ባቡሩ መጥቶ ሲቆም ትንፋሻችንን ይዘናል፤ የወረደ ሰው ሳይታይ ሲቀር ደግሞ ይበልጥ እንጨነቃለን።

የቆላውን ቀትር ለሚያውቅ ሰው ይህ ትዕይንት ማብራሪያ አያሻውም። በሚያዝያ ሙቀት መኪና የሚጠብቅ መንገደኛ ድምፅ ሁሉ ይጎላበታል፤ የዝንቡ፣ የቆርቆሮው፣ የሩቁ ሞተር። ሊዮኔ ያደረገው ያንን መጠበቅ ሳያሳጥር ማሳየት ነው። ጥድፊያ ውጥረትን ይገድላል። የሚመጣው ነገር ከባድ መሆኑን ተመልካቹ አንድ ጊዜ ካመነ በኋላ ፊልም ሠሪው መዘግየት ይችላል፤ መዘግየትም አለበት።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የጀርመኑ ፍሪትዝ ላንግ እ.ኤ.አ. በ1931 በሠራው “ኤም” ፊልም መጠበቅን በአንዲት እናት አሳይቶናል። እናትየዋ ለልጇ ምሳ ታቀርባለች። ሰዓቱ ይደውላል። የሌሎች ልጆች ወደ ቤታቸው ይገባሉ፤ የእርሷ ልጅ ግን አልመጣችም። በዚያው ጊዜ እኛ ልጅቷን መንገድ ላይ እናያታለን፤ ኳሷን የምታነጥርበት የማስታወቂያ ዓምድ ላይ የሕፃናት ገዳይ የሚፈለግበት ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ በማስታወቂያው ላይ የአንድ ሰው ጥላ ያርፋል። እናትየዋ ስሟን ትጣራለች። ባዶው ደረጃ ይታያል። ያልተነካው ሳህን ይታያል። ኳሷ ከቁጥቋጦ ወጥታ ትንከባለላለች። ግድያው አይታይም። የተመልካቹ ልብ ግን ሁሉንም አይቷል።

ያልታየው ነገር ኃይል

ሦስተኛው መሣሪያ መደበቅ ነው። ስቲቨን ስፒልበርግ እ.ኤ.አ. በ1975 የሠራው “ጆውስ” ሲከፈት አንዲት ወጣት በሌሊት ባሕር ትዋኛለች። ካሜራው ከውኃው በታች ሆኖ ወደ ላይ ያያታል። የጆን ዊሊያምስ ሁለት ኖታዎች እየተደጋገሙ ይፈጥናሉ። ልጅቷ ወዲያና ወዲህ ስትጎተት እናያለን፤ ሻርኩን ግን አናየውም። ይህ የሆነው በከፊል በችግር ነው፤ ለፊልሙ የተሠራው መካኒካል ሻርክ በጨው ውኃ ውስጥ እየተበላሸ ስላስቸገረ ስፒልበርግ ያለ እርሱ መቅረጽ ነበረበት። ጉድለቱ ፊልሙን አተለቀው፤ ተመልካቹ በዓይነ ልቦናው የሠራው ሻርክ ከመካኒካሉ እጅግ የባሰ ነበርና። ገንዘብና መሣሪያ ያጠራቸው የአገራችን ወጣቶች ይህን በልባቸው ሊይዙት ይገባል።

ኳንቲን ታራንቲኖ እ.ኤ.አ. በ2009 በሠራው “ኢንግሎሪየስ ባስተርድስ” መክፈቻ ላይ ደግሞ መደበቅና መግለጥ በተራ ይሠራሉ። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1941 ነው፤ ቦታው በጀርመን ጦር የተያዘች ፈረንሳይ ገጠር ናት። አንድ ገበሬ እንጨት ሲፈልጥ ከሩቅ ተሽከርካሪዎች ይመጣሉ። የናዚው መኮንን ቤት ሲገባ ትሑት ነው፤ ወተት ይለምናል፣ ያመሰግናል፣ ወረቀቱን በእርጋታ ያወጣል። እንግዳ በጨዋነት ሲገባ ባለቤቱ እንቢ ሊለው እንደማይችል እኛ ኢትዮጵያውያን በደንብ እናውቃለን፤ ትሕትናው ራሱ ወጥመድ ሆኗል። ጨዋታው መሀል ላይ ሲደርስ ካሜራው ወደ ወለሉ ይወርዳል፤ ከሳንቃው በታች አፋቸውን በእጃቸው ይዘው የተኙ አይሁዳውያን ቤተሰብ ያሳየናል። ከዚያች ሰኮንድ ጀምሮ እያንዳንዱ ተራ ቃል ይከብዳል። የሂችኮክ ቦምብ ይኸውና፤ በፈንጂ ፈንታ ሰዎች ናቸው ከሥር ያሉት።

የራሳችን ፊልሞች

አገራችን በዚህ ረገድ ባዶ እጇን አይደለችም። በ1957 ዓ.ም. የተሠራው የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ፊልም “ሂሩት አባቷ ማነው?” ገና ከርዕሱ ጥያቄ አንሥቶ ነው የመጣው።

ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የሠራው “ድፍረት” እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1996 የተፈጸመ እውነተኛ የጠለፋ ታሪክና የሕግ ባለሙያዋ መዓዛ አሸናፊ የተሟገተችበት ጉዳይ ነው። በፊልሙ መጀመሪያ አካባቢ የምናያት ልጅ በትምህርቷ ስለ በረታች ደስ ብሏት ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ሜዳው ሰፊ ነው፣ ቀኑ ብሩህ ነው። ከዚያ ፈረሰኞቹ ይመጣሉ። ዳይሬክተሩ በጨለማና በነጎድጓድ አልጀመረም። ደስታዋን አስቀድሞ አሳየን፤ ምን እንደሚነጠቅ ካወቅን በኋላ ነጣቂዎቹን አመጣቸው። ጠለፋ ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ተመልካች ገና የፈረሶቹን ኮቴ ሲሰማ የሚሆነውን ይረዳል። የባህል ዕውቀታችን ራሱ የውጥረቱ አካል ይሆናል።

ከዚሁ ከጎንደር የወጣው ኃይሌ ገሪማ ደግሞ “ጤዛ”ን ሰጥቶናል። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉው ፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት ወስዷል። “ጤዛ”ን ልብ አንጠልጣይ ብሎ የሚመድበው የለም፤ ሆኖም ውጥረትን የሚገነባበት መንገድ ለዛሬው ርዕሳችን ትልቅ ትምህርት ነው። አንበርብር ከብዙ ዓመት የውጭ ኑሮ በኋላ ወደ ትውልድ መንደሩ ይመለሳል። አንድ እግሩን አጥቷል፤ ትዝታውም ተሰባብሯል። እናቱና መንደርተኛው ምን እንደ ደረሰበት ያስባሉ፤ እርሱ ራሱ ሊያስታውስ ይታገላል። በዚህ ጊዜ ወታደሮች ወጣቶችን ለጦርነት ሊያፍሱ መንደሩን ያስሳሉ። ያለፈው አልታወቀም፤ የሚመጣው ያስፈራል። ተመልካቹ በሁለቱ መካከል ተይዞ ይቀመጣል።

መጋቢት 1881፣ መተማ

አሁን ወደ ቆማችሁበት ምድር ልመለስ። ከተማችሁ መተማ ዮሐንስ የምትባለው በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ስም ነው። በ1880 ዓ.ም. በጥር ወር በአቡ አንጃ የሚመራው የሱዳን መሐዲስት ጦር ጎንደርን አቃጠለ። በቀጣዩ ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ ጦራቸውን ይዘው ወደዚህ ወረዱ። አቡ አንጃ ከጦርነቱ በፊት በሕመም ሞቶ ስለ ነበር የጠበቃቸው በዘኪ ቱማል የሚመራ ጦር ነው፤ በእሾህ አጥር የተከበበ ምሽግም ነበረው። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ውጊያው ተከፈተ። የኢትዮጵያ ጦር አጥሩን ሰብሮ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ድልም ወደ እርሱ አዘንብላ ነበር። በዚያ መሀል ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመቱ። ወሬው በሠራዊቱ ውስጥ ሲሠራጭ ድሉ ወደ ማፈግፈግ ተለወጠ።

አንድ ሰው “መጨረሻው የታወቀ ታሪክ እንዴት ልብ አንጠልጣይ ይሆናል?” ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱ ከላይ ያየነው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ እንደሚወድቁ እያንዳንዱ ኢትዮጵያዊ ተመልካች ያውቃል፤ በዚያ ማለዳ ግን እርሳቸውም፣ መኳንንቱም፣ ፈረሱን የሚጭነው አሽከርም አያውቁም። ታሪኩን ማወቃችን ቦምቡን ከጠረጴዛው ሥር አስቀድሞ አስቀምጦልናል። የሚቀረው ፊልም ሠሪው እንዳይቸኩል ነው። ሺህ ፈረሰኛ የሚያሠልፍ ገንዘብ ባይኖር እንኳ መክፈቻው በአጥሩ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ የእሾህ ክምር፣ በእሾሁ ክፍተት የምታይ ዓይን፣ ገና ያልታየ የፈረስ ኮቴ ድምፅ። ከአጥሩ ውስጥ ያለውም ሰው ነው፤ እናት አለችው፤ ይፈራል። የሁለቱንም ወገን ፍርሃት በእኩል የሚያሳይ መክፈቻ ከገላባት ማዶ ላለውም ተመልካች የሚሆን ፊልም ይወጣዋል።

ሰሊጡ የሚቆጥረው ሰዓት

ታሪክ ብቻ ሳይሆን የዛሬው ኑሮም ሞልቷል። የምዕራብ ጎንደር ገበሬ የሰሊጥን ጠባይ ያውቃል። ሰሊጥ ጊዜው ሳይደርስ ቢታጨድ ፍሬው አይበስልም፤ ቢዘገይ ደግሞ ቋቱ ተከፍቶ ፍሬው መሬት ላይ ይፈሳል። ታጭዶ በሂላ፣ ማለትም በነዶ ክምር፣ ከቆመም በኋላ ያለ ወቅቱ የሚመጣ ዝናብና ነፋስ ያሰጋዋል። በጥቅምትና በኅዳር እያንዳንዱ ማሳ ላይ ሰዓት እየቆጠረ ነው ማለት ይቻላል። ኦርሰን ዌልስ ለሦስት ደቂቃ የሞላው ሰዓት እዚህ በተፈጥሮ ተሞልቶ ይጠብቃል።

ከዚህ በመነሣት መክፈቻ እንሞክር። ጎህ ሲቀድ የማሳው ባለቤት ሂላዎቹ መሀል ቆሞ ወደ ምዕራብ ያያል፤ ደመና አለ። የደረቀው ቋት በነፋስ ሲንሿሿ ይሰማል። ከደጋ የወረዱ የቀን ሠራተኞች ከመኪና ይወርዳሉ፤ ባለቤቱ ጮክ ብሎ ይቆጥራቸዋል፣ ዐሥራ ሁለት ይሆናሉ። ሥራው ይጀመራል፤ ካሜራው ከእነርሱ ጋር ያጭዳል፣ ያስራል፣ ይሸከማል። ማታ እራት ሲቀርብ ባለቤቱ እንደ ገና ይቆጥራል። ዐሥራ ሦስት ናቸው። ከመካከላቸው ማን እንደ ተጨመረ አያውቅም፤ ቢጠይቅ ሠራተኞቹ ተደናግጠው ይሄዱበታል፤ ከሄዱ ሰሊጡ ይፈሳል። ስለዚህ ዝም ይላል። እኛ ደግሞ ከሰዓት በኋላ አንዱ ሰው ከሽንፋ ወንዝ በኩል በጓሮ ሲገባ አይተናል፤ ፊቱን ግን አላየንም። በዚህ ትዕይንት አንድም ጥይት አልተተኮሰም። ባለቤቱን የያዘው ሰሊጡ ነው፤ እኛን የያዘን ያየነውን መናገር አለመቻላችን ነው።

ምን እናድርግ?

በብዙ ፊልሞቻችን መክፈቻ ላይ የማየው ችግር ተመሳሳይ ነው። ከላይ የተቀረጸ የከተማ ምስል ለረጅም ጊዜ ይታያል፤ ከባድ ሙዚቃ ይጮኻል፤ ተራኪ ድምፅ ገና ያልተነሣ ጥያቄ ይመልሳል። ሙዚቃው “ፍሩ” ይለናል፤ የምንፈራለት ሰው ግን ገና አልመጣም። ስለዚህ ስክሪፕት ለምትጽፉ ወጣቶች አራት ነገር እመክራለሁ።

አንደኛ፣ ከመክፈቻችሁ ላይ ሙዚቃውን አንሥታችሁ እዩት። ያለ ሙዚቃ ካልያዘ፣ ከሙዚቃ ጋርም አይይዝም። ሁለተኛ፣ ተመልካቹ የሚያውቀውንና ሰውዬው የማያውቀውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ዓረፍተ ነገሩ ካልተጻፈ ትዕይንቱ አልተገኘም። ሦስተኛ፣ የሚቆጥር ነገር አስገቡ፤ የሚመሽ ቀን፣ የሚያልቅ ውኃ፣ ሊዘጋ የተቃረበ ኬላ። አራተኛ፣ የቦታችሁን ድምፅ ቅረጹ። የመተማ ገበያ አማርኛና ዐረብኛ ተደባልቀው የሚሰሙበት ነው፤ የጉሙዝ ወገኖቻችንም ቋንቋ አለ። ይህን ድምፅ የትኛውም የአዲስ አበባ ስቱዲዮ ሊፈጥረው አይችልም። ለዚህ ሁሉ ጥሩ ስልክና ድምፅ መቅጃ በቂ ነው።

ከምክሩ ጋር አደራ አለ። ይህ አካባቢ የተፈራበት ጊዜ ሁሉ የፊልም ታሪክ ብቻ አይደለም። በመንገድ ላይ ሰው በእገታ ተይዞበት ለማስለቀቂያ ገንዘብ የለመነ ቤተሰብ በመካከላችን አለ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላ በዚህች ድንበር ብዙ ሺህ ሰዎች ሕይወታቸውን ይዘው ተሻግረዋል። የእነርሱን ፍርሃት ለማድመቂያ መጠቀም ነውር ነው። ማንነታቸውን አታሳዩ፤ ቁስላቸውን በቅርበት አትቅረጹ፤ ፈቃዳቸውን ሳትጠይቁ ታሪካቸውን አትውሰዱ። ፍሪትዝ ላንግ ግድያውን ሳያሳይ ባዶውን ሳህን ያሳየበት መንገድ ለሥነ ጥበብ ብቻ ሳይሆን ለሟቿ ክብርም የሚበጅ ነው። ጥሩ የልብ አንጠልጣይ ፊልም የሰውን ሕይወት ውድነት ያስተምራል፤ የምንሳሳለት ሰው ከሌለ ሥጋት የለምና።

መምህራን፣ በየትምህርት ቤታችሁ ባሉት የሚኒ ሚዲያና የሥነ ጽሑፍ ክበባት የአምስት ደቂቃ መክፈቻ የሚጽፉ ተማሪዎችን አበረታቱ። አባቶችና እናቶች፣ ድንበሩን፣ ዘመቻውንና የበረሃውን ኑሮ የምታውቁ፣ ለልጆቹ ተርኩላቸው፤ ታሪኩን ስትጀምሩ የት ላይ ዝም እንደምትሉ ይማሩ። እናንተ ወጣቶች ደግሞ የዘንድሮው ሰሊጥ ተሰብስቦ ሳያልቅ አንድ መክፈቻ ጻፉ፤ በስልካችሁ ቅረጹት፤ ለጎረቤታችሁ አሳዩትና መሀል ላይ አቁሙት። “ከዚያስ ምን ሆነ?” ብሎ ከጠየቃችሁ ፊልማችሁ ተጀምሯል፤ ቀጥሉበት።